ማርቆስ ለመሳላ ዱራሜ የሄደ ሰሞን

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ቤዛ ከመሥሪያ ቤቷ ደወለችልኝ። "አባዬ፣ ሰርቨሩ ፋይል አልቀበልም ብሎ አስቸገረኝ። ለጊዜው ፕሮግራሙን በሩት፣ ሁሉ በሚፈቀድለት አካውንት፣ ላስነሳው?" አለችኝ። "እንዳትሞክሪው!" ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች፤ እኔም ራሴ ደነገጥኩ።

በወጣትነቴ ሆሳዕና አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክፍል ስሠራ ማርቆስ የሚባል የዱራሜ ልጅ አብሮኝ ነበር። የተቀጠርነው በአንድ ቀን ነው፤ የአለቆች ዓይን ውስጥ የገባው ግን እሱ ነው። ኃላፊያችን ወይዘሮ አበበች ብቅ ባሉ ቁጥር "ማርቆስ የት አለ?" ነው። እኔ እዚያው ተገትሬ! ምን እደብቃለሁ፣ ቅናት ያንገበግበኝ ነበር።

እንደ ሀቢቾ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ሪፖርት የሚላክበትን ሰርቨር የተከለው እሱ ነው። ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ከአንድ ፎልደር በቀር ምንም መንካት በማይችል ተራ አካውንት ነበር። ታዲያ አንዳንዱ ፋይል "አይፈቀድም" እየተባለ ሲመለስ ሰው ያማርራል። እኔ ደግሞ ምሬቱን ስሰማ ደስ ይለኛል።

መስከረም ላይ ማርቆስ ለመሳላ፣ ለከምባታ የመስቀል በዓል፣ ወደ ቤተሰቦቹ ሄደ። ለመሳላ አገሩ የማይገባ ከምባታ የት አለ? ሳምንት ሙሉ ቅቤ የጠገበ ቆጮውን ሲበላ እንደሚሰነብት አውቃለሁ። እሱ በሌለበት ፕሮግራሙን በሩት አስነሳሁት። በሩት የተነሣ ፕሮግራም የኮምፒውተሩ ጌታ ነው፤ የሚከለክለው የለም። ፋይሉ ሁሉ ሰተት ብሎ ገባ። ወይዘሮ አበበች "አንተም ለካ ሰው ነህ!" አሉኝ። ሦስት ቀን ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

በአራተኛው ቀን ከየት እንደሆነ ያልታወቀ ሰው በዚያው ፕሮግራም ቀዳዳ ገብቶ፣ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውን ማኅደር ጭምር ሰረዘው። በማርቆስ አሠራር ቢሆን የምትጠፋው ያቺ አንዷ ፎልደር ብቻ ነበረች።

ማርቆስ ተጠርቶ መጣ፤ የዱራሜ መንገድ ጭቃ ሱሪው ላይ ደርቋል። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ አውጥቶ "የበዓል ድርሻህ ነው" ብሎ ሰጠኝ። ከዚያ ማን ምን እንዳደረገ ከሚመዘግበው ፋይል የተረፈውን ከፈተ። ስሜን ሲያነብ አየሁት።

"የማን ጥፋት ነው?" አሉ ወይዘሮ አበበች።

እኔ ሥጋውን ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኩ።

"የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው" አለ ማርቆስ።

በወሩ ከሥራ አሰናበቱት። ሲወጣ በር ላይ ያዝኩት። "ሚስትህ አራስ ናት። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ የትም እሠራለሁ" አለኝ። ከማመስገን ይልቅ እንዲያውም የባሰ ቀናሁበት። በእሱ ቦታ ብሆን እንደማላደርገው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ቦታውንም ለኔ ሰጡኝ።

ለቤዛ የሩትን አደጋ አንድ በአንድ አስረዳኋት፤ "አባዬ፣ አንተ እኮ ሁሉን ታውቃለህ" አለችኝ። የማርቆስን ነገር ግን አልነገርኳትም። ብነግራት እሱን ከኔ አብልጣ ትወደዋለች።