አልጠፋም ያለው ፋይል

ምነው ያን ቀን እጄን በሰበረው! ንፋስ መውጫ ከተማ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በፈተና አንደኛ የወጣሁበትን የመሥሪያ ቤት ሥራ ለወንድማቸው ልጅ የሰጡብኝ ጋሽ ሞላ፣ ቫይረስ የገባበት ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ሰላምታቸውን እንኳ አልመለስኩም።

አንቲቫይረሱ የተለከፉትን ፋይሎች ሲያጠፋ አንዱ እምቢ አለው። ፋይሉ ክፍት ነበር፤ ክፍት ፋይል ደግሞ ካልተዘጋ አይጠፋም።

«እሱማ…» ብለው ሲጀምሩ፣

«ሥራዬን አያስተምሩኝ!» አልኩና ሳላነብ ዘግቼ አጠፋሁት።

«አይ ልጄ፣ ከፍቼ ያመጣሁት እንዳይሰወርብኝ ብዬ ነው» አሉ ማጥፋቴን ሳያውቁ፣ አንገታቸውን ደፍተው። «የንስሐ አባቴ ‹ልጁን መበደልህን ጽፈህ፣ ፈርመህ ስጠው› ብለውኝ ሦስት ቀን የታገልኩበት ነው። ዳግም የምጽፍበት ወኔ የለኝም። በል አትምልኝና ልፈርም።»