የታጠበው ሞተር ሳይክል

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሞተር ሳይክሉን በየሳምንቱ ታጥበው ነበር። ጭስ ማውጫው ውስጥ ጥላሸት ማየት ስለማትወድ ቱቦ ትሰካና ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ድረስ ትለቅበታለች።

ልጇ «ቀለም ቀብተን፣ ከኋላው ሳጥን ገጥመን፣ ዕቃ ላመላልስበት» ትላለች። የባሏ ወንድም ደግሞ «ሽጪውና ተገላገዪ፤ ቆሞ የሚዝግ ብረት ምን ያደርግልሻል?» ይላል። እሷ ግን እንደ ድሮው ተጠግኖ ድምፁን መስማት ነበር የፈለገችው። እራት የምታሞቀው ያ ድምፅ ከመታጠፊያው ሲመጣ ነበርና።

ለማስጠገን የጠራችው መካኒክ ሞተሩን ሲፈታው ዝገት የቀላቀለ ውሃ መሬቱ ላይ ተንዠቀዠቀ።

«እናቴ፣ ይሄን ሁሉ ውሃ ማን አጠጣው?»

«እኔ ነኛ! ንጹሕ እንዲሆን ብዬ።»

«ንጹሕማ ነው፤ ለቀብር የተገነዘ ይመስላል። ሆዱ በዝገት አልቋል። ከእንግዲህ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ነው።»

ሳሙና የበላውን እጇን አየችው። «ምነው ይሄን እጄን በቆረጠው!» አለች።

ብረት ገዢው ሊጭነው ሲመጣ መቀመጫው ላይ አቧራ ታያት፤ እጇም ሳታስበው ወደ ባልዲው ሄደ።

«ዛሬም?» አላት የባሏ ወንድም።

የባልዲውን ውሃ መሬት ላይ ደፋችው። መቀመጫውን በቀሚሷ ጫፍ፣ በደረቁ ጠረገችለት።