አቦሉ የተደፋ ሻይ

አበባ የሚሸት ሻይ! እስቲ አሁን ሻይ አበባ ይሸታል? እኔ የማውቀው ሻይ የሚሸተው ቅርንፉድና ቀረፋ ነው፤ ስኳሩ ከንፈር ካላጣበቀ ደግሞ ሻይ አልለውም።

ልጄ "አንድ ሰው አለ" ካለችኝ ቆይታለች። የገለምሶ ልጅ ነው፤ ሚኤሶ ላይ ለቻይናዎች ያስተረጉማል። ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ስሰማ "ቆይ፣ መጀመሪያ እኔው በዓይኔ ልየው" አልኩ። አባቷ የለ፣ ወንድም የላት፤ እሺም እምቢም የምለው እኔ ብቻ ነኝ። ካልወደድኩት ሽማግሌዎቹን ከበር እንደምመልስ ነገርኳት።

እሁድ ከሰዓት በባጃጅ ጭሮ ከተማ ቤታችን ድረስ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ምን ዋጋ አለው! ወዲያው ከቦርሳው የአሻንጉሊት የሚመስሉ ሲኒዎችና አንዲት ሚጢጢ ማንቆርቆሪያ አወጣና "እማዬ፣ ዛሬ ሻዩን እኔ ላፍላ" አለኝ። ሻዩ ኡሎንግ ይባላል አለ። ቅጠሉን ጠርዙ ትንሽ ቀላ እስኪል ብቻ ያጠወልጉትና እሳት ያሳዩታል፤ አረንጓዴነቱም የአበባ ሽታውም የማይጠፋው ለዚህ ነው አለ። መዳፌ ላይ ዘገነልኝ። ድብልብል፣ አረንጓዴ... የፍየል በጠጥ!

የፈላው ውሃ ትንሽ እስኪበርድ ጠበቀና ቅጠሉ ላይ አፈሰሰ። ወዲያው ደግሞ ያንን የመጀመሪያውን ውሃ እንዳለ ሳህን ላይ ደፋው!

"ምነው ልጄ፣ አቦሉን?" አልኩት።

"ቅጠሉ የታጠበበት ነው፣ እማዬ። የመጀመሪያው አይጠጣም።"

ኧረ በስማም! ቤቴ ገብቶ፣ ዓይኔ እያየ፣ አቦል ይደፋል? በእኛ ቤት ቡናም ይሁን ሻይ፣ አቦሉ የትልቅ ሰው ነው። አቦሉን ደፍቶ ለእኔ ቶናውን ሊሰጠኝ? ሽማግሌዎቹን እዚያው በልቤ መለስኳቸው።

ሁለተኛውን ቀዳልኝ። ስኳር ብል "ስኳር ሽታውን ያጠፋዋል" አለኝ። ይጥፋ! "መጀመሪያ ያሽቱት" አለኝ፤ አሸተትኩት። የገላ ሳሙና። ቀመስኩት። ሣር የታጠበበት ውሃ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሽቶ ጠብ የተደረገበት። መትፋት ነውር ሆነብኝና ታግዬ ዋጥኩት። ይባስ ብሎ ማንቆርቆሪያዋን ከፍቶ አሳየኝ። ያ በጠጥ ተፈታትቶ፣ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ሞልቷታል። ቃሚዎች ጥለውት የሚነሱትን ገረባ ያየሁ መሰለኝ። "ከዚህ ቅጠል ገና ብዙ ጊዜ ይቀዳል" አለኝ በደስታ። እግዚኦ!

በቃህ ልለው አፌን ስከፍት ልጄን አየኋት።

ይቺ ልጅ የማይጥማትን ነገር በሕይወቷ ውጣ አታውቅም። ትንሽ ሆና ስትታመም ሽሮፕ ላጠጣት አፍንጫዋን ይዤ ታግያታለሁ፤ ፊቴ ላይ ነበር የምትተፋው። አድጋም አልተዋትም፤ ሰው ቤት ወጡ ጨው ከበዛበት በባለቤቲቱ ፊት ገፋ ታደርገዋለች። ስንቴ አሳፍራኛለች! አሁን ግን ያቺን ሲኒ በሁለት እጇ ይዛ ትጠጣለች። የአፍንጫዋ ዳር ሽብሽብ ይላል፤ ያንን እኔ ነኝ የማውቀው፣ እሱ ከየት ያውቀዋል? ዋጠችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ሲኒዋን ወደ እሱ ዘረጋችና "ይጣፍጣል፣ ጨምርልኝ" አለችው።

ቀዳላት። እንደገና ዋጠችው።

እኔ እሺ ወይስ እምቢ ልበል እያልኩ ተኮፍሼ ተቀምጫለሁ። ማን ጠየቀኝ? ልጄ እዚያው ፊቴ ተቀምጣ ሄዳለች።

ሲኒዬን ገፋ አደረግኩለት። "በል ቅዳልኝ" አልኩት። "ለሽማግሌዎቹ ግን ሻዩን የማፈላው እኔ ነኝ።"