የጠፋው ባል የላካቸው ሽማግሌዎች

ዋጋነሽ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው «ትንሽ ሰፋ አድርጊው፣ ያድግበታል» ሲሏት፣ «ስንት ሴንቲ?» ብላ ትጠይቃለች። በግምት መቁረጥ አትወድም። «አንቺ ደግሞ፣ ካባ የሚደርብ አስመሰልሽው!» እያሉ ይስቁባታል፤ ሰኔ ሲመጣ ግን ተመልሰው እሷው ጋ ይሰለፋሉ።

ባሏ ማሙሽ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ሰባት ዓመት አልፎታል። የመጀመሪያውን ዓመት ይደውል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ስልኩ አልሠራ አለ፤ ሌላ ቁጥርም አልሰጣትም። ቤቴል የሚኖሩት እናቱ እማማ አየለችና እህቱ በላይነሽ «እኛም ወሬው የለንም» እያሉ ማሉላት። አምናቸው አብራ አለቀሰች። ለሞተ ሰው ቀን ይቆረጥለታል፤ ድንኳን ይተከላል፣ አርባው ይቆጠራል፣ ሙት ዓመቱ ይታሰባል፤ ያዘነም ሰው ቀስ በቀስ ማቁን ያወልቃል። ዋጋነሽ ግን የምትቆጥርለት ቀን አልነበራትም።

በአራተኛው ዓመት ለፋሲካ ልትጠይቃቸው ሄዳ «እማማ፣ ምናልባት ሞቶ ይሆናል። እርማችንን እናውጣ ይሆን?» አለቻቸው።

«አፍሽን ይቁረጠው! ልጄ ደህና ነው!» አሉ አሮጊቷ።

«በምን አወቁ?»

በላይነሽ ከጓዳ ብቅ አለችና «የእናት አንጀት አይነግርም እንዴ?» ብላ ጣልቃ ገባች። ፊቷ ግን ቲማቲም መስሎ ነበር። ያን ቀን ዋጋነሽ የቀረበላትን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ሰዎች ቤት እህል አልቀመሰችም።

ፍርድ ቤት የወሰዳት ቂሙ አይደለም፤ ቤቱ ነው። ልጇን ማራኪን ወልዳ ያሳደገችበት የቀበሌ ቤት ውል የተጻፈው በማሙሽ ስም ነው። ዘንድሮ ወረዳው ውል ይታደስ ብሎ አወጀ፤ የመጨረሻው ቀን ሐምሌ ሠላሳ። ባለ ውሉ ራሱ ቀርቦ ይፈርማል፤ ካልሆነ የሞት ወይም የፍቺ ማስረጃ ይቀርባል። ሁለቱም ከሌለ ቤቱ ለወረዳው ተመላሽ ይሆናል። ዋጋነሽ የሚፈርም ባልም፣ የሞት ወረቀትም አልነበራትም። የቀራት ፍቺው ብቻ ነበር።

በየካቲት ክስ መሠረተች። የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ መጥሪያውን ይዞ እማማ አየለች ቤት ሄደ። በላይነሽ በሩን በግማሽ ከፍታ «የት እንዳለ አናውቅም፣ አንቀበልም» ብላ መለሰችው። መልእክተኛው በወረቀቱ ጀርባ «ተፈልጎ አልተገኘም» ብሎ ጻፈ። ዋጋነሽም አድራሻውን እንደማታውቅ በቃለ መሐላ ፈረመች፤ በዚያን ጊዜ የፈረመችው እውነት ነበር። ዳኛዋ ጥሪው በጋዜጣ እንዲወጣ አዘዙ፦ ተጠሪው ሰኔ 18 ቀን ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ማሙሽ ሠፈር ውስጥ ከታየ ስንት ዓመት እንደሆነ የሚመሰክር ሰው አምጪ ስትባል የዕድሩን ሰብሳቢ የአቶ ቀለመወርቅን ስም አስያዘች። በጡረታ የተገለሉ መምህር ናቸው፤ ሠፈሩ ሁሉ የሚሰማቸው።

ጋዜጣው በወጣ በሁለተኛው እሑድ፣ እኒያው አቶ ቀለመወርቅ አቶ ወዬሳ የሚባሉ የእማማ አየለች ጎረቤት አስከትለው በሯ ላይ ቆሙ። «ግቡ» ብትላቸው አልገቡም። ወንበር ብታወጣላቸው አልተቀመጡም። የሽማግሌ ደንብ ነው፤ እሺ ካልተባሉ አይቀመጡም።

«ልጄ» አሉ አቶ ቀለመወርቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ለእግዚአብሔር ብለሽ ይቅር እንድትይ ልንለምንሽ ነው የመጣነው። ክሱን አንሺው።»

«ማንን ነው ይቅር የምለው?»

«ባልሽን ነዋ!»

«ባሌማ የለም። እርስዎ ራስዎ እንደሌለ ሊመሰክሩልኝ አይደል?»

አቶ ወዬሳ ከት ብለው ሳቁ። «ታዲያ እኛን ማን ላከን? ላኪ የሌለው ሽማግሌ በር ሲያንኳኳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው እኮ ይስቅብናል!»

ዋጋነሽ ወንበሩን ቀስ ብላ መሬት አስነካችው። «ማሙሽ ነው የላካችሁ?»

«ሐሙስ ለት ደውሎ! በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እነ በላይነሽ ጋዜጣውን ፎቶ አንስተው ልከውለት፣ ‹እንደ ሌባ ስሜን አደባባይ አወጣችኝ› ብሎ እንዴት እንዳዘነ ብታዪ…»

አቶ ቀለመወርቅ በክርናቸው ጎሰሟቸው፤ ግን ነገሩ ካፋቸው ወጥቷል።

ዋጋነሽ በልቧ ቆጠረች። ይህ ሰው ልጁ ታማ ስትተኛ አልደወለም። ስምንተኛ ክፍል ስትፈተን አልደወለም። ስሙ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ደወለ፤ ያውም ለጎረቤት።

«ስለ ማራኪ ጠየቀ?» አለች።

«እ… ሰላም በሉልኝ ብሏል፤ ሁላችሁንም።»

«ስሟን ጠርቶ?»

አቶ ወዬሳ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። አቶ ቀለመወርቅ የባርኔጣቸውን ጠርዝ በጣታቸው ማዞር ያዙ።

«እሺ፣ ቁጥሩን ስጡኝ።»

«እሱን እንኳ አደራ አለብን፣ ልጄ» አሉ አቶ ቀለመወርቅ፤ ድምፃቸው የአስታራቂ ድምፅ ነበር፣ ለስለስ ያለ፣ ማር የተቀባ። «የሰው አደራ ይበላል?»

ከማሙሽ ይልቅ እኒህ ሰው አስጠሏት። አምና ጥምቀት ላይ እጇን ይዘው «አይዞሽ፣ ያለበትን እሱ ያውቃል» ብለዋት ነበር። እሷ እግዜርን ያሉ መስሏት አሜን አለች፤ ለካስ ማሙሽን ኖሯል።

በማግሥቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የምትጽፍላትን ምህረትን አማከረቻት። ምህረት ነገሩን ከሰማች በኋላ ዙሪያዋን ገላመጠች።

«አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ! ደውሏል ካልሽ ዳኛዋ ‹እንግዲያው አድራሻው ይጣራ› ይላሉ። ነሐሴ ፍርድ ቤት ይዘጋል። ቀጠሮሽ ኅዳር ላይ ነው የሚያርፈው። ቤትሽስ?»

«ቃለ መሐላዬስ?»

«ኧረ ተይኝ እቴ! አድራሻውን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«በቃ አልዋሸሽም።»

«የሚያውቁትን ሰዎች ግን አውቃለሁ።»

ምህረት ራሷን ነቀነቀች። «አንቺስ በእውነት የምትድኚ አይደለሽም።»

ዋጋነሽ እስከ ሰኔ 18 ድረስ ስትሰፋም ስትበላም ይህንኑ አሰበች። ዝም ብትል ቤቱ ይተርፋል። ግን በላይነሽም ዝም ብላ ነበር፤ እማማ አየለችም፤ አቶ ቀለመወርቅም። ዝም ያሉት ሁሉ በየፊናቸው የሚበቃ ምክንያት ነበራቸው። ከእነሱ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ እንደመቀመጥ ሆኖ ታያት።

ችሎቱ ጠባብ ነበር፤ እርጥብ ካፖርት ይሸታል። ዳኛዋ «በጋዜጣ ከተጠራ ወዲህ ተጠሪውን በሚመለከት የሰሙት ነገር አለ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ዋጋነሽ ተነሥታ ሁሉንም ተናገረች፦ እሑዱን፣ ሐሙሱን፣ ፎቶውን፣ አደራውን። ምህረት በር ላይ ቆማ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ይህ እውነት ከሆነ መዝገቡ ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ፣ ክብርት ዳኛ።»

አቶ ቀለመወርቅ ተጠሩ። ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ማሉ። ነጭ ጋቢያቸው በወጉ ተጣጥፏል፤ ሽበታቸው ያምራል።

«ከተጠሪው ጋር ተነጋግረዋል?» ተባሉ።

«አልተነጋገርኩም።»

«ሽምግልና ማን ላከዎ?»

«ማንም አልላከኝም። ለትዳራቸው አዝኜ በራሴ ሐሳብ ነው የሄድኩት። ያ ልጅ ያለበትን አገር እንኳ የማውቅ ሰው አይደለሁም።» ይህን ሲሉ አልተንተባተቡም፤ አላላባቸውም። ከዕድር ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የሚያነቡ ይመስሉ ነበር።

«አቶ ወዬሳ የሚባሉትስ?»

«ትንሽ ቅዠት ቢጤ ይዟቸዋል፣ እርጅና ነው።»

ዳኛዋ ሽማግሌውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ቃላቸው እንዲመዘገብ አደረጉ። በመዝገቡ ላይ የታወቀ አድራሻ የለም፤ አነጋግሬዋለሁ የሚል ሰው የለም፤ ጥሪው በሕጉ ደርሷል። ከቀትር በኋላ ውሳኔው ተነበበ፦ ጋብቻው ፈርሷል፤ በቤቱም ዋጋነሽ ትገልገልበት። አመልካቿ እውነቱን ተናግራ ልታጣው የነበረውን ቤት ምስክሩ ዋሽቶ መለሰላት።

ኮሪደሩ ላይ አቶ ቀለመወርቅ ደረሱባት። ፊታቸው በርቷል።

«እልል በይ እንጂ! አየሽ ልጄ፣ ያንቺ አፍ ሊያጠፋሽ ነበር። የእኔ አዳነሽ።»

«ምለው እኮ ነው የዋሹት።»

«ለማን ብዬ? ላንቺም ጠቀመ፣ የእነሱንም አደራ አልበላሁ። ሁሉም ደህና ገባ።»

«ለራስዎ ነው፣ አቶ ቀለመወርቅ። እኔ ላይ አያላክኩት።»

«ኧረ ምስጋናም አላት!» አሉና እንደ ቀልድ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። ዋጋነሽ ትከሻዋን ሰብቃ እጃቸውን አወረደችው። ለማንም ሽማግሌ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ወደ ሠፈራቸው አየር ጤና የሚሄደው ታክሲ ሰልፍ ረጅም ነበር። የአቶ ቀለመወርቅን ሽበት ያየ ሰው ሁሉ «አባባ፣ ይለፉ» እያለ ወደ ፊት አሳለፋቸው፤ ገብተውም ተቀመጡ። በመስኮቱ ብቅ ብለው በመላው ሰልፈኛ ፊት ጮኹ፦

«ዋጋነሽ! ነይ ልጄ፣ አጠገቤ ቦታ ይዤልሻለሁ! የሠፈራችን ልጅ ናት፣ አሳልፏት!»

ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት። ዋጋነሽ ውሳኔው ያለበትን ፌስታል ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ከኋላዋ ልጅ አዝላ ወደቆመችው ሴት ዞረች።

«አንቺ ግቢ፣ እህቴ። እኔ በዚህኛው አልሄድም።»

ሴትየዋ አመስግና ገባች። ታክሲው ውሃውን እየረጨ ሄደ። ዋጋነሽም ዝናብ ላይ ቆማ የሚቀጥለውን ጠበቀች።