ግማሹን የያዘ ተመራቂ

ከአራት ሁለት ይዞ ተመርቆ ማስተርስ የሚያምረው ሰው አይታችኋል? እኔ ነኝ። ለቃለ መጠይቁ ልሄድ ስል፣ በቤተ ልሔም የአብነት ትምህርት ቤት የድጓ ዜማ የሚያስተምሩት አጎቴ ውጤቴን ሰምተው ጮኹ።

«ግማሹን ሳታውቅ አስመረቁህ? እኛ ዘንድ አንዲት ዜማ የሳተ ተማሪ እንደገና ይማራታል እንጂ አይመሰከርለትም!»

ቃለ መጠይቁ ላይ አንዱ ፈታኝ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «በዚህ ውጤት ማስተርስ ምን ሊያደርግልህ ነው?»

ያጠናሁት መልስ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «የቀረኝን ግማሽ ልማር ነው» አልኩት። ፈታኞቹ በሳቅ ፈነዱ፤ እኔ በላብ ተጠመቅሁ።

ማለፌን የሰማሁት ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ነው። ባጃጆች እስኪቆሙ ድረስ እየዘለልኩ ለአጎቴ ደወልኩ። «የኔታ፣ አለፍኩ!»

እሳቸው ግን ጠየቁኝ፦

«ለመሆኑ ልጄ፣ ፈታኞቹ ራሳቸው ከአራት ስንት ነበራቸው?»