አርባ ሦስት ሰማያዊ ቀሚሶች

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ የማርፈው በጋምቦ የስፌት ዳስ ውስጥ ነው። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ጋምቦ ስፒል በከንፈሩ ይዞ የሚያወራ፣ የከተማችንን የጉርባን ሰው ከፊቱ ይልቅ በትከሻውና በወገቡ የሚያውቅ ልብስ ሰፊ ነው። ሰው ሞተ ሲሉት እንኳ መጀመሪያ ቁመቱን ነው የሚያስታውሰው።

አቧራ ያዘለው ነፋስ በሚነፍስበት ወር አሸባሪዎቹ በሞተር ብስክሌት መጥተው ከሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አርባ ሦስት ልጆች ወሰዱ። አንዷ የጋምቦ የመጨረሻ ልጅ ዴሉ ነበረች።

ገዥያችን በየዓርቡ በሬዲዮ ይናገር ነበር።

«ከአሸባሪ ጋር አንደራደርም! ሰባራ ሳንቲም አንከፍልም!»

«እነሱ ያሉት ጫካ ውስጥ፣ ይሄ የሚጮኸው እኛ ጆሮ ላይ» አለ ከዳሱ ጎን ሥጋ የሚጠብሰው ቱኩር። «አንተ፣ ማንን ነው የሚያስፈራራው?»

«ዝጋልኝ» አለ ጋምቦ።

«ቆይ እንጂ፣ ስለ አዲሱ አደባባይ ሊናገር ነው። እሱ ላይ ጎበዝ ነው።»

እኔ በዚህ ነገር ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ። ገንዘብ የሚከፍል መንግሥት የነገዎቹን ልጆች አሳልፎ ይሰጣል፤ እምቢ የሚል የዛሬዎቹን ይቀብራል። ከሁለቱ አንዱን በግልጽ መርጦ፣ ወላጆችን ሰብስቦ፣ ዓይናቸውን እያየ ምክንያቱን የሚናገር ሹም ቢኖር፣ ብቃወመው እንኳ አከብረዋለሁ። የእኛው ግን በጓሮ ከፍሎ በአደባባይ የሚፎክር ነበር።

በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ የገዥው ቃል አቀባይ አልሃጂ ሹዓይቡ ሽቶው ከመኪናው ቀድሞ ደረሰ። አራት ጣቃ ሰማያዊ ጨርቅና የልጆች ልክ የተዘረዘረበት ሁለት ገጽ ወረቀት ጋምቦ ፊት አስቀመጠ።

«አርባ ሦስት ቀሚስ፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት። ከጓደኞችህ ጋር ተካፍላችሁ ጨርሱት።»

«ለምን ዝግጅት ነው ጌታዬ?»

«የተማሪዎች በዓል ነው። አንተ መስፋትህን ስፋ» ብሎ ሥጋ ሊያስጠብስ ወደ ቱኩር ዞረ።

ጋምቦ ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ጣቱ ቆመ። ሌሎቹ ሁሉ አንድ የትከሻ ልክ ሲኖራቸው፣ ለዚህችኛዋ ቀኙም ግራውም ለየብቻ ተጽፏል፤ ግራው በሁለት ጣት ያንሳል። ዴሉ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከማንጎ ዛፍ ላይ ወድቃ የግራ ትከሻዋ አጥንት ተዛብቶ ነበር የገጠመው። አባቷ ልብሷን ሁሉ ያንን አስተካክሎ ነው የሚሰፋላት።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ።

«ማላም» አለኝ መምህርነቴን በሚያከብርበት አጠራር፤ «ልጄን ለክተዋታል። ወገቧ አልቋል፣ ግን ለክተዋታል።»

ከዚያ ወደ ሹዓይቡ ዞሮ «ልጆቹ የት ናቸው?» አለ።

ሹዓይቡ የጎረሰውን ማላመጥ አቆመ። መጀመሪያ ካደ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ተናገረ። ልጆቹ ከጫካ የወጡት ቅዳሜ ነው። በመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ተቀምጠዋል። ክቡር ገዥው ከዋና ከተማው የሚመለሱት ሐሙስ ስለሆነ፣ አዲስ ቀሚስ አልብሰው፣ ፎቶ እየተነሱ በገዛ እጃቸው ለወላጅ እስኪያስረክቡ መጠበቅ ግድ ነው። «የጸጥታ ጉዳይ ነው» አለ።

«ፎቶ አንሺውም ወታደር ነው?» አለ ቱኩር።

እዚህ አገር ያለ አዲስ ልብስና ያለ ፎቶግራፍ የሚፈታ ታጋች የለም። እናት ከእንጨት በር ወዲህ እያለቀሰች፣ ልጅ ከወዲያ ቀሚስ ትጠብቃለች። አሸባሪዎቹ ሃያ ዘጠኝ ቀን አገቷቸው፤ ቀሪውን ቀን ያገታቸው ማን ነበር?

ጋምቦ አልጮኸም። አራቱን ጣቃ ከዳሱ ጀርባ ወዳለችው ዕቃ ቤት አስገብቶ በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከቶ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«ጨርቁ እኔ ጋ ነው። ዛሬ ልጆቻችንን ካላየን አንዲት ክር አትወጣም።»

«አብደሃል? የመንግሥት ንብረት ማገት እኮ ወንጀል ነው!»

«ታዲያ ከእኔ ጋር አትደራደራ።»

«ባልንጀራዬ፣ እንነጋገር እንጂ...»

«ኧረ! ለካ መነጋገር ትችላላችሁ!» ብሎ ቱኩር በሳቅ ፈነዳ።

ሹዓይቡ ሦስት ጊዜ ስልክ ደወለ። መጀመሪያ «አንተ» ያለውን ጋምቦን ከሦስተኛው በኋላ «አባባ» ይለው ጀመር። ለአርባ ሦስት ልጆች ያልተገኘው ትሕትና ለአራት ጣቃ ጨርቅ ተገኘ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የእንግዳ ማረፊያው በር ተከፈተና ወላጆች ልጆቻቸውን እየያዙ ወጡ።

ዴሉ ጭስ ጭስ በሚሸት አሮጌ ልብሷ ወጣች። አባቷ እጇን ይዞ በሌላው እጁ ግራ ትከሻዋን ዳሰሰ።

«ባባ» አለችው፤ «ሁለቱንም ትከሻዬን ለኩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሰፊው አንተ ከሆንክ ታውቀኛለህ ብዬ።»

ጋምቦ ቃሉን ጠበቀ። እሱና ጓደኞቹ ቀሚሶቹን እስከ ረቡዕ ማታ ጨርሰው አስረከቡ።

ሐሙስ ጠዋት የመንግሥት መኪና እየዞረ ልጆቹን ይለቅም ጀመር። ገዥው አደባባዩ ላይ መድረክ ተሠርቶለት፣ «በጀግንነት ከጠላት መንጋጋ ነጠቅናቸው» የሚለውን ንግግሩን ይዞ ቆሟል። ጋምቦ ቤት ሲደርሱ ሹዓይቡ ራሱ ሰማያዊውን ቀሚስ በክንዱ አንጠልጥሎ ወረደ።

«ተኝታለች» አለ ጋምቦ በሩ ላይ ቆሞ። «ከመጣች ወዲህ እንቅልፍ ሲወስዳት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።»

«ክቡር ገዥው እየጠበቁ ነው እኮ!»

«ይጠብቁ። ሲደክማቸው ይቀመጣሉ።»

ሾፌሩ ትዕግሥቱ አልቆ እጁን ወደ ጥሩንባው ሰደደ። ይሄኔ የጋምቦ ሚስት ታላቱ ከውስጥ ወጥታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሾፌሩ እጁን መለሰ። መኪናው በጠባቧ መንገድ፣ ድምፅ ላለማሰማት እየተጠነቀቀ፣ የኋሊት ወጣ።