የአክስቴ መርፌ

ባለፈው ሳምንት ክትባት ልወጋ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ነርሷ ክንዴን በአልኮል በነከረችው ጥጥ ስትጠርገው ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጅቷ መርፌ የፈራሁ መሰላት። «እማማ፣ ገና እኮ አልነካሁዎትም!» ብላ ሳቀችብኝ። አርባ እንኳ ያልሞላኝን ሴትዮ እማማ ማለቷን ይቅር ብያታለሁ። ያቺ ሽታ ግን ይዛኝ የሄደችው ወደ አክስቴ ቤት ነው፤ ኖራ ወደተቀባችው ትንሽ ክፍል፣ ወደ ጓደኛዬ።

እኔና እሷ ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ ቀወት ውስጥ በአንድ የመስኖ ቦይ ወዲያና ወዲህ ያደግን ሯጮች ነበርን። እሷ ሱብሒ ሰግዳ ስትወጣ እኔ ገና ዓይኔን እያሻሸሁ ነበር። ፀሐይ አንዴ ከወጣች ሸዋ ሮቢት ለሯጭ ምሕረት ስለሌላት ጎህ ሲቀድ ነበር የምንነሳው። በቦዩ ዳር፣ የሽንኩርቱ ማሳ እየሸተተን፣ የማሾው ቅጠል ጤዛውን እግራችን ላይ እያራገፈ፣ የደሴ መኪና እስከሚያልፍበት አስፋልት እንሮጥ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች «ማነው የሚያባርራችሁ?» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። እሷ ሁልጊዜ ከፊቴ ነበረች፤ ብዙም አይደለም፣ ግማሽ እርምጃ። ትንፋሿ እኩል እኩል ሲመጣ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ሮጫለሁ፤ እንደዚያ ትንፋሽ የናፈቀኝ ነገር የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሰልጣኛችን ወደ ደብረ ሲና ዳገት ያወጣን ነበር። «ቆላ እግር ይሰጣል፣ ሳንባ ግን ከደጋ ነው» ይል ነበር። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ሰብስቦን ስለተከለከሉ መድኃኒቶች አስተማረን። «የምትውጡትንም የምትወጉትንም ስሙን ሳታውቁ እንዳትነኩ። ሰውነትሽ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ ማንም ይስጥሽ ማንም» አለ። በብርድ እየተንቀጠቀጥን «እሺ ጋሼ» አልን። እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ እኛን የሚመለከት አልመሰለንም ነበር። ለእኛ አበረታች መድኃኒት ማለት ሌባ ሯጭ ከተማ ውስጥ ተደብቆ የሚገዛው ነገር ነው። አክስት የምትወጋው መርፌማ ሕክምና ነው።

በኛ አገር ደግሞ መርፌ ያልተወጋ ሰው ታከመ አይባልም። ክኒን ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው «ምንም አላደረጉልኝ» እያለ መንደሩን ይዞራል። አክስቴ ጡረታ የወጣች ጤና ረዳት ነበረች፤ ፈቃድ ባይኖራትም ወባ የያዘው ሁሉ የሚሮጠው እሷ ቤት ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጇን ይመርቅ ነበር። ምን እንደወጋችው የጠየቃት ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ቡድን ሊመረጥ አምስት ቀን ሲቀረው ጓደኛዬ ዳሌዋን አመማት። ለአሰልጣኙ መናገር ፈርታ፣ እያነከሰች መጣችና ቦዩ ዳር ቁጭ አለች። ወደ አክስቴ የወሰድኳት እኔ ነኝ። አክስቴ ስታያት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ጥሩ አደረግሽ» ብላ ጥጡን በአልኮል ነከረች።

«እትዬ፣ መድኃኒቱ ምን ይባላል?» አለቻት ጓደኛዬ።

አክስቴ መርፌውን እንደያዘች ቀና አለች። «የሚያድንሽ ስሙ ነው ወይስ መርፌው?»

እፍረት ፊቴን አቃጠለው። አክስቴን እንደ መርማሪ ስትጠይቅብኝ! ክንዷን ቆንጠጥ አድርጌ «ተይ፣ አታሳፍሪኝ» አልኳት። ሳቀችና ለመወጋት ጀርባዋን ሰጠች። ከይሉኝታ የተነሣ ብልቃጡን እንኳ ገልብጠን አላየነውም።

ዳሌዋ በሁለት ቀን ዳነ። በምርጫው ውድድር ሁለተኛ ወጣች፤ የሚሄዱት ሦስት ሲሆኑ እኔ አራተኛ ነበርኩ። ከውድድሩ በኋላ ሽንቷን ለምርመራ ወሰዱ። ቅጹ ላይ በቅርቡ የወሰደችው መድኃኒት ስም በሚለው ቦታ «መርፌ» ብላ ጻፈች። ሌላ የምታውቀው ስም አልነበራትም።

አሁን የማሠለጥናቸው ልጆች ሐኪም ፊት ስልካቸውን አውጥተው የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል ይፈልጋሉ። ሐኪሙ ቢቆጣም ግድ የላቸውም። ደስ ይለኛል፤ ትንሽም እቀናባቸዋለሁ።

ውጤቱ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። መርፌው እብጠትና ሕመም የሚያስታግስ ስቴሮይድ ሆኖ ተገኘ፤ ለበሽተኛ ደግ፣ ውድድር ላይ ላለ ሯጭ ክልክል። አሰልጣኛችን ያን ቀን ጠዋት መጀመሪያ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «በሷ ቦታ የምትሄጂው አንቺ ነሽ» አለኝ። ቀጥሎ እሷን ጠራትና እኔ እዚያው ቆሜ ነገራት።

«ማነው የወጋሽ? ስትወጊ ያየ ሰው ካለ ይመስክርልሽ፣ ቅጣቱ ሊቀልልሽ ይችላል» አላት።

ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ሰውነቱ የኔ ነው፣ ጋሼ» አለች። «የወጋኝን ሰው ስም አልጠራም።»

ወደ ቤት ስንመለስ እያለቀሰች ነበር፤ ግን የምታጽናናው እኔን ነበር። «አክስትሽን ቢያስሩብን ወባ የያዘውን ሕፃን ሁሉ ማን ያየዋል? ዝም ማለትሽ ደግ አደረግሽ» አለችኝ። አክስቴ በዚያች ደቂቃ በሐሳቤም አልነበረች። ያሰብኩት አውሮፕላኑን ነበር፤ ስሜ የተጻፈበትን መለያ ነበር። ይህንን ልነግራት አፌን ከፈትኩና «አይዞሽ» ብቻ አልኩ።

እሷ ሁለት ዓመት ተቀጣች። እኔ በሷ ቦታ ሄጄ አሥራ ሰባተኛ ወጣሁ።

ቅጣቷ ሲያልቅ እንደ ድሮው በጎህ ሄጄ ከደጇ ጠራኋት። በመሀሉ አግብታ ወልዳ ነበር፤ ሆኖም ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ ወጣች። ሁሉን ልነግራት ቆርጬ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፣ ይባል ብዬ። ጥቂት እንደሮጥን ግን ትንፋሿ ተቆራረጠ። አንጀቴን በላችኝ። ቀስ እያልኩ መጣሁና ከፊቴ እንድትሆን ተውኩላት።

ወዲያው ቆመች።

«እያስቀደምሽኝ ነው፣ አይደል?»

«አይ፣ ደክሞኝ እኮ ነው» አልኩ።

«ወላሂ፣ በሰው ቸርነት ቀድሜ አላውቅም። አሁንም አልጀምርም።» አልተቆጣችም። የቦዩ ዳር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ውሃው ውስጥ ከተተች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከማሽላው በላይ ብቅ እያለች፣ የሚለቀመው ሽንኩርት እየሸተተን፣ እኔም እግሬን ከእግሯ ጎን ነከርኩ። እንዲህ ጎን ለጎን መቀመጣችን እንዳያልቅ ፈለግሁ። ሁሉን ልነግራት ወደ እሷ ዞርኩ።

እሷ ቀደመችኝ።

«አክስትሽን ሰላም በይልኝ» አለች እጄን ይዛ። «ሌላ ሰው ቢሆን ያን ቀን አሳልፎ ይሰጣት ነበር። አላህ ለዘመድሽ ያቆይሽ።»

«አሜን» አልኩ።